ለኤምባሲ ከመጻፍ በፊት፦ ከጎንደር የአንድ ጠበቃ ተሞክሮ

በጎንደር ከተማ በጥብቅና ሙያ እሠራለሁ፤ ከመደበኛው ሥራዬ ጎን ለጎንም ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው ሰዎች ነፃ የሕግ ድጋፍ እሰጣለሁ። አራዳ አካባቢ ወዳለው ቢሮዬ የሚመጡ ቤተሰቦች ጉዳያቸው የታሰረ ወይም ያለበት ቦታ ያልታወቀ ሰው ሲሆን፣ ስለ ፍርድ ቤቱ መንገድ ከተነጋገርን በኋላ አብዛኞቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ለኤምባሲዎች ብንጽፍስ?» ብለው ይጠይቁኛል። አንዳንዱ ሰው የውጭ መንግሥት አንዲት ቃል ከተነፈሰ የእስር ቤት በር ወዲያው ይከፈታል ብሎ ያምናል። ሌላው ደግሞ ፈረንጅ ለጥቅሙ እንጂ ለእኛ መቼ ተጨንቆ ያውቃል ብሎ ነገሩን ከናካቴው ይተወዋል። ማመልከቻ አዘጋጅቼ፣ ከዲፕሎማቶች ጋር ተቀምጬ፣ መልስ ሲመጣም ሲቀርም አይቼ የደረስሁበት ከሁለቱም የተለየ ነው፤ አንድ መንግሥት ሌላውን ማዘዝ አይችልም፣ መጠየቅ ግን ይችላል፤ የእኛ ድርሻ መልስ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ አዘጋጅቶ በጠያቂው እጅ ማስቀመጥ ነው።

በቅድሚያ የማጣራው የታሳሪውን ዜግነት ነው፤ በአሜሪካ፣ በእስራኤል ወይም በአውሮፓ የሚኖር ዘመድ ያለው ቤተሰብ በከተማችን ብዙ ነውና። ታሳሪው የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ከሆነ፣ ሕጋችን ጥምር ዜግነትን ስለማይቀበል፣ ሰውየው በሕግ ፊት የውጭ ዜጋ ነው፤ የአገሩ ቆንስላም እ.ኤ.አ. በ1963 በወጣው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት ሊጎበኘውና ጠበቃ እንዲያገኝ ሊረዳው ይችላል። ይህ መንግሥት ለገዛ ዜጋው የሚቆምበት የቆየ መንገድ ነው፤ የጎንደር ሰው ደግሞ ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አያሻውም። ዓፄ ቴዎድሮስ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ያለ መልስ ሲዘገይ የእንግሊዝ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ መልሱን ይዞ የመጣው መልእክተኛው ራሳምም ራሱ ታሳሪ ሆነ፤ ነገሩ እ.ኤ.አ. በ1868 መቅደላ ላይ በጦር ተቋጨ። ይህ ሁሉ የሆነው ግን አንድ መንግሥት የራሱን ሰዎች ለማስፈታት ብሎ ነበር። ታሳሪው ኢትዮጵያዊ ሲሆን የውጭ መንግሥት የሚናገረው በሌላ መሠረት ላይ ቆሞ ነው።

ያ መሠረት ውል ነው። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2(7) ድርጅቱ በአገሮች የውስጥ ሥልጣን ውስጥ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የቪየና የዲፕሎማሲ ግንኙነት ስምምነት አንቀጽ 41ም ዲፕሎማቶች በተቀበላቸው አገር የውስጥ ጉዳይ እንዳይገቡ ያዝዛል። «የውስጥ ጉዳያችን ነው» የሚለው መልስ የሚመዘዘው ከእነዚህ ነው። በሌላ በኩል የዚያው ቻርተር አንቀጽ 55 እና 56 አባል አገሮች ለሰብአዊ መብት መከበር አብረው እንዲሠሩ ቃል ያስገባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 በቪየና የወጣው መግለጫም የሰብአዊ መብት ጥበቃ የመላው ዓለም ተገቢ ጉዳይ መሆኑን አረጋግጧል። ኢትዮጵያ በዚያው ዓመት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶችን ቃል ኪዳን ተቀብላለች። ስለዚህ አንድ አምባሳደር ስለ አንድ እስረኛ ሲጠይቅ የሚጠይቀው አገራችን ራሷ ስለ ፈረመችው ግዴታ ነው። ማመልከቻ ስጽፍ ከስሜት ቃላት ይልቅ ስለ ሰው ነፃነትና ስለ ተያዙ ሰዎች መብት የሚደነግጉትን የቃል ኪዳኑን አንቀጽ 9 እና የሕገ መንግሥታችንን አንቀጽ 19 እና 21 የማስቀድመው ለዚህ ነው፤ ዲፕሎማቱ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሲገባ ሊይዘው የሚችለው እንዲህ ያለውን እንጂ የእኔን ቁጣ አይደለም።

ነገሩን የምዕራባውያን ሥራ ብቻ አድርገው ለሚያዩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማነሳው የራሳችንን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ ማለትም በዛሬዋ ናሚቢያ፣ የዘር መድልዎ ትፈጽማለች በማለት ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ሁለቱ ከሳሾች ከጉዳዩ የሚያገኙት ጥቅም አልነበረም፤ ተጎጂዎቹም የእነሱ ዜጎች አልነበሩም። ፍርድ ቤቱ ዓመታት ፈጅቶ በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ሲከፈሉ በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ክሱን ውድቅ አደረገው፤ ምክንያቱም ከሳሾቹ በጉዳዩ የሚያስከስስ መብት የላቸውም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ግን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ደቡብ አፍሪካ ግዛቲቱን በሞግዚትነት የምታስተዳድርበትን ሥልጣን አነሳ፤ ናሚቢያም በ1990 ነፃ ወጣች። በፍርድ ቤት የተሸነፈ ክስ በሌላ መድረክ እንዲህ መንገድ ሊከፍት ይችላል፤ የሌላ አገር ሰው በደልን ማንሳትም ለኢትዮጵያ ዲፕሎማሲ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ አንድ ጉዳይ ልግባ፤ የሰዎቹን ማንነትና የያዛቸውን አካል አልጠቅስም። ከከተማችን ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወጣት ተይዞ ተወሰደ፤ ቤተሰቡ በየጣቢያው ቢዞርም ያለበትን የሚነግረው አላገኘም። እናቱና አጎቱ አብረው መጡ። እናትየው «ልጄ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ ለነጮቹ ንገርልኝ» ሲሉኝ፣ አጎትየው ከጎናቸው ሆነው «ነገሩ ከከፋስ? ልጁ ያለው እጃቸው ላይ ነው» አሉ። ሁለቱም ልክ ነበሩ። በዚያ ቀን ለኤምባሲ ምንም አልጻፍንም፤ በቅድሚያ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም የተያዘው ሰው ቀርቦ የእስሩ ሕጋዊነት እንዲመረመር የሚጠየቅበትን፣ ለፍርድ ቤት አቀረብን፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አመለከትን። ኮሚሽኑ የእስር ቦታዎችን ሳያስታውቅ የመጎብኘት ሥልጣን በአዋጅ የተሰጠው ስለሆነ፣ ከማንኛውም አምባሳደር በፊት በሩን ማንኳኳት የሚችለው እርሱ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ጥቅሙ የታየኝ ከጊዜ በኋላ፣ ከአዲስ አበባ ለሥራ ጉብኝት ከመጡ የአንድ ኤምባሲ የፖለቲካ ክፍል ሠራተኛ ጋር በተቀመጥንበት ጊዜ ነው። ሰውየው ስለ ክልሉ ሁኔታ ረጅም ትንታኔ የሚጠብቁ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ማስታወሻቸውን ከፍተው የጠየቁኝ አጫጭር ነገሮችን ነው። መቼ ተያዘ? ማን አየ? የትኛው ፍርድ ቤት ምን መልስ ሰጠ? ኮሚሽኑ ያውቃል? ቤተሰቡ እርስዎ ከእኛ ጋር እንደሚነጋገሩ ያውቃል ወይ? በመጨረሻም፣ ዛሬም ድረስ ለሚመጡ ሁሉ የምደግመውን ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ለማን፣ ምን ብለን እንድንጠይቅልዎ ይፈልጋሉ?»

«ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ጫና ያድርግልን» የሚል ማመልከቻ ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም። «ልጁ በየትኛው ማረፊያ ቤት እንዳለ እንዲነገር፣ ቤተሰቡና ጠበቃው እንዲጎበኙት፣ ክስ ካለም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ» የሚለው ግን መልስ ይሆናል፤ አንድ ባለሥልጣን በአንድ ስብሰባ ላይ ሊቀበለውም ሊክደውም የሚችል፣ ቢክደው እንኳ ክህደቱ የሚመዘገብ ጥያቄ ነውና። «ይፈታ» የሚለውን አላስቀረሁም፤ ግን ወደ መጨረሻ አወረድሁት። ልምዴ የሚነግረኝ ትንሹ ጥያቄ ለትልቁ በር እንደሚከፍት ነው፤ ያለበት ቦታ በይፋ የታወቀ እስረኛ ካልታወቀው ይልቅ ብዙ የተሻለ ጥበቃ አለውና።

ስለ ሰነዱ ዝግጅት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ አብዛኛው ማመልከቻ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው ከሁለት ገጽ ባይበልጥ ይመረጣል። ቀኑ በኢትዮጵያም በአውሮፓም አቆጣጠር መጻፍ አለበት፤ ሰዓቱም እንዲሁ። «ከሌሊቱ 10 ሰዓት» ያልነውን ቃል በቃል የገለበጠ ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት ሊያደርገው ይችላል፤ ሁለት ምስክሮች በተለያየ የሰዓት አቆጣጠር ከተናገሩ ደግሞ ቃላቸው የተጋጨ ይመስላል። ስሙ ከነአባትና ከነአያት በአማርኛ ፊደል ተጽፎ፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በመታወቂያው ወይም በፓስፖርቱ ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር አንድ መሆን ይገባዋል፤ አንዱ ሰው በሦስት አጻጻፍ ሲላክ በተቀባዩ መዝገብ ውስጥ ሦስት ሰው ሆኖ ያርፋል። ያየሁትን «አየሁ»፣ የሰማሁትን «ከእገሌ ሰማሁ»፣ የገመትሁትን ደግሞ «እገምታለሁ» ብሎ መለየት ከሁሉም ይበልጣል። አንዲት የተጋነነች መስመር የቀረውን እውነት ሁሉ ታበላሻለች፤ ጠያቂው መንግሥት ሚኒስቴሩ ፊት ሊያፍርበት የሚችል ነገር አይሸከምምና፣ አንድ ጊዜ ካፈረ ደግሞ የሚቀጥለውን ደብዳቤያችንን በጥርጣሬ ነው የሚያነበው። ደብዳቤውን በቅድሚያ የሚያነቡት ብዙውን ጊዜ በኤምባሲው የሚሠሩ የአገራችን ልጆች መሆናቸውንም መርሳት አይገባም፤ አካባቢውን ያውቁታል፣ ግነቱንም ያውቁታል።

የፈቃድ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። የአጎትየውን ስጋት በቀላሉ ማለፍ አልቻልሁም፤ ስለዚህ ቤተሰቡ ለብቻው ተመካክሮ፣ ስሙ ለማን ሊነገር እንደሚችል በጽሑፍ እንዲወስን ጠየቅኋቸው። መንግሥታት በሁለት መንገድ ይናገራሉ። አንደኛው ዝግ መንገድ ነው፤ አምባሳደሩ በቃል ያነሳል፣ ወይም ዲፕሎማሲያዊ ማስታወሻ ይጽፋል፣ ወይም ከአገሩ የሚመጣ ሚኒስትር በንግግር ነጥቦቹ መካከል የአንድ ሰው ስም ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው በአደባባይ መግለጫ ማውጣት ነው። በዝግ የቀረበ ጥያቄ ባለሥልጣኑ ፊቱ ሳይጠቁር ነገሩን እንዲያስተካክል ዕድል ይሰጠዋል፤ አደባባይ የወጣ ስም ደግሞ እስረኛውን ከመጥፋት ሊጠብቀው ወይም የመደራደሪያ ዕቃ ሊያደርገው ይችላል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው በቅድሚያ እስረኛው ራሱ፣ እርሱ ካልተገኘ የቅርብ ቤተሰቡ እንጂ ጠበቃው ወይም ውጭ አገር ያለው ደጋፊ አይደለም። በዚህ ላይ ጥብቅ ነኝ፤ ከባሕር ማዶ ሆኖ ፎቶ መለጠፍ ቀላል ነው፣ ማግሥቱን ለጥያቄ የሚጠራው ግን እዚህ ያለው ወንድም ነው። የመምህሩ ቤተሰብ ዝግ መንገዱን መረጠ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በአብዛኛው ከእኛ ዓይን ውጭ ነው የሚካሄደው። የኤምባሲው ሠራተኛ ለዋና ከተማው ሪፖርት ይጽፋል፤ እዚያ ያለው የኢትዮጵያ ጉዳይ ኃላፊ ስሙን ከሌሎች ስሞች ጋር በዝርዝር ይይዘዋል፤ ዝርዝሩ ከፀጥታ፣ ከንግድና ከዕርዳታ ጉዳዮች ጋር ተሻምቶ ወደ አንድ ስብሰባ ይገባል ወይም ሳይገባ ይቀራል። ዘመድ በአሜሪካ ዜግነት ኖሮት ለወከለው የምክር ቤት አባል ሲጽፍ የአባሉ ጽሕፈት ቤት ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ጥያቄ ሊያቀርብ ስለሚችል፣ የዲያስፖራ ዘመዶች ከሰልፍ ይልቅ በዚህ በኩል ቢተባበሩ እመርጣለሁ፤ ሆኖም የሚልኩት ሰነድ እኛ ካዘጋጀነው ጋር በነጥብ እንኳ እንዳይለያይ አስቀድመን እንስማማለን። ወጣቱ ከጊዜ በኋላ ያለበት ቦታ ታወቀ፣ እናቱም አዩት፣ ፍርድ ቤትም ቀረበ። አጎትየው ይህን ያመጣው ማን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ፍርድ ቤቱም፣ ኮሚሽኑም፣ ኤምባሲውም የያዙት አንድ ዓይነት ሰነድ እንደ ነበረ ነው የነገርኋቸው። ለእኔ ዋናው ቁም ነገር ያ ነው፤ ሦስት ቦታ የተለያየ ነገር ብንናገር ኖሮ ሦስቱም በቀላሉ ይጣሉ ነበር።

ከኤምባሲዎች ሌላ ብዙ ሰው የማያውቀው መንገድ በጄኔቭ ባሉት የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት አካላት በኩል ያለው ነው። ኢትዮጵያ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንን የግለሰብ አቤቱታ ፕሮቶኮል ስላልተቀበለች ቃል ኪዳኑን ለሚከታተለው የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በግል መክሰስ አይቻልም። ነገር ግን በዘፈቀደ እስርን የሚከታተለው የሥራ ቡድን፣ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው የአስገድዶ መሰወር የሥራ ቡድን፣ እንዲሁም ልዩ ራፖርተሮች የሚባሉት በድርጅቱ የተሾሙ ነፃ ባለሙያዎች አገሪቱ ያንን ፕሮቶኮል መፈረሟን አይጠይቁም። የዘፈቀደ እስር የሥራ ቡድኑ የአገር ውስጥ መፍትሔ ሁሉ ተሞክሮ ማለቁንም ቅድመ ሁኔታ አያደርግም። ልዩ ራፖርተሮች ለመንግሥት የሚልኩት የአቤቱታ ደብዳቤ በመደበኛው አሠራር ለ60 ቀናት በምስጢር ከተያዘ በኋላ ከመንግሥት መልስ ጋር፣ መልስ ባይኖርም ለብቻው፣ ይፋ ይሆናል። ይህን ለቤተሰብ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው፤ «በምስጢር» ብለን የጀመርነው ነገር ከሁለት ወር በኋላ ማንም ሊያነበው ይችላልና። የወጣውን ደብዳቤ ኤምባሲዎች እንደ ዋቢ ይጠቀሙበታል፤ አንድ መንግሥት በራሱ ስም ከሚከስ ይልቅ «ራፖርተሮቹ ለጻፉት ምን መልስ ሰጣችሁ?» ብሎ መጠየቅ ይቀልለዋል።

ሌላው ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ የሚባለው ነው። የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲቋቋም አብሮ የተወሰነ ሲሆን፣ እያንዳንዱ አገር በሌሎች አገሮች የሚጠየቅበት የሦስት ሰዓት ተኩል መድረክ ነው። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2009፣ በግንቦት 2014፣ በግንቦት 2019 እና በኅዳር 2024 ቀርባለች፤ ወሮቹም ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ተናጋሪ አገር ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በዚያች ደቂቃ ውስጥ ሰላምታውን፣ ምስጋናውንና ምክረ ሐሳቡን መጨረስ አለበት። የሲቪል ማኅበራት ጽሑፍ የሚገባው ከስብሰባው ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ ለብቻው የሚያቀርብ ድርጅት ከ2,815 ቃላት፣ በጋራ የሚያቀርቡ ከ5,630 ቃላት ማለፍ አይችሉም። ሰዎች ይህን ሰምተው ቅር ሲላቸው አይቻለሁ፤ እኔ ግን ገደቡን እወደዋለሁ፤ ወሬውን አራግፎ ፍሬውን እንድናስቀር ያስገድደናልና። ከኛ አካባቢ ማኅበራት ጋር በአንድ የጋራ ጽሑፍ ላይ ስሠራ ያየሁት፣ ኤምባሲዎች ለልዑካኖቻቸው የሚልኩት ሙሉውን ጽሑፍ ሳይሆን ከውስጡ የተመዘዘች አንዲት ምክረ ሐሳብ መሆኗን ነው፤ ስለዚህ ምክረ ሐሳቧን እኛው ራሳችን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የሚፈጽመውን አካልና የሚለካውን ውጤት ጠቅሰን ብንጽፋት ይሻላል። መንግሥት ከቀረቡለት መካከል የተቀበላቸውን ለይቶ ያሳውቃል፤ የተቀበለውን ምክረ ሐሳብ በኋላ በፍርድ ቤት ማመልከቻችንም ሆነ ለኮሚሽኑ በምንጽፈው ላይ መጥቀስ እንችላለን።

ከበድ ያሉት እርምጃዎች፣ ማለትም ማዕቀብ፣ የንግድ ዕድል ማንሳትና መርማሪ ማቋቋም፣ የግለሰብ ጉዳይ ይዞ ለሚሄድ ሰው ብዙም አይጠቅሙም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከጥር 1፣ 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያን ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል ከሚሰጠው ከአጎዋ ስታስወጣ ጉዳቱ በቅድሚያ የደረሰው በኢንዱስትሪ ፓርኮች በሚሠሩ ሴቶች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በ21 ድጋፍ፣ በ15 ተቃውሞና በ11 ድምፀ ተአቅቦ ያቋቋመው የኢትዮጵያ ጉዳይ የባለሙያዎች ኮሚሽንም የሥራ ዘመኑ ሳይታደስ በጥቅምት 2023 አበቃ። እነዚህ በትልልቅ ፖለቲካ የሚወሰኑ ስለሆኑ ቤተሰብን በዚያ ተስፋ ማስጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ጎንደር ላይ ግን ጥያቄው በተገላቢጦሽ የሚመጣበትም ጊዜ አለ፤ በመተማ በኩል ወጥቶ በሱዳን፣ ወይም በሌላ መንገድ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቀረ ልጅ ያላቸው ወላጆች መንግሥታችን እንዲጠይቅላቸው ይፈልጋሉ። እዚህ ላይ ጠያቂዋ ኢትዮጵያ ናት፤ የሌሎች መንግሥታት ማመንታት ለምን እንደሆነም ያኔ በደንብ ይገባናል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል የሚል የሂዩማን ራይትስ ዎች ሪፖርት ሲወጣ፣ የተባበሩት መንግሥታት ራፖርተሮች በዚሁ ጉዳይ ለሳዑዲ መንግሥት ከጻፉ ብዙ ወራት አልፈው ነበር፤ ሳዑዲ አረቢያም ክሱን አስተባብላለች። የኢትዮጵያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ያወጣው መግለጫ ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር የሚገልጽና ምርመራው እስኪያልቅ ሰዎች ከመላምት እንዲቆጠቡ የሚያሳስብ ነበር። በዚያ አገር በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ዜጎች ያሉት መንግሥት ቃሉን ለምን እንደሚመዝን አይጠፋኝም፤ የሟች ቤተሰብ ግን ከዚያ በላይ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ለእነዚህ ወላጆች የማዘጋጀው ሰነድም ከላይ የገለጽሁትን ይመስላል፤ የፓስፖርት ቁጥር ካለ እርሱ፣ መጨረሻ የደወለበት ቀንና ቦታ፣ አብረውት የነበሩ ሰዎች ቃል፣ እንዲሁም ለቆንስላው የሚቀርብ አንድ የተወሰነ ጥያቄ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ጉዳዩ ሲለወጥ፣ ሰውየው ሲፈታ፣ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር፣ ክስ ሲመሠረትበት ወይም ቤተሰቡ ሐሳቡን ሲለውጥ፣ ለጻፍንላቸው ሁሉ በዚያው ሳምንት ማሳወቅ ያስፈልጋል። አስቀድሞ የተፈታን ሰው «ፍቱልን» ብሎ የጠየቀ አምባሳደር መልሱን ከሳቅ ጋር ነው የሚቀበለው፤ በዝርዝሩ ውስጥ ያሉት የቀሩት ስሞችም ያኔ ክብደታቸው ይቀንሳል። በቢሮዬ ለእያንዳንዱ ጉዳይ ለማን፣ በምን ቀን፣ ምን እንደተላከና ምን መልስ እንደመጣ የሚመዘገብበት ወረቀት ከፋይሉ ሽፋን ጋር አያይዤ አስቀምጣለሁ፤ አዲስ ነገር ሲሰማ በቅድሚያ የምከፍተው እርሱን ነው፤ የተቀባዮቹን ስም አንድ በአንድ እያየሁም ደብዳቤውን እጽፋለሁ።